ቢጫው ሥር እና ምስክሮቹ አይጦች

ዛሬ የማወራላችሁ ስለ እርድ ነው፤ አልጫ ወጡን ስለሚያደምቀው፣ ጣት ከነካ በሳሙና ስለማይለቀው፣ ነጠላ ላይ ካረፈ ባለቤቱን ስለሚያናድደው እርድ። በቴፒ በኩል ያለ ገበሬ ቆፍሮ ያወጣዋል፣ ቀቅሎ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ እኛ ደግሞ አስፈጭተን ድስት ውስጥ እንጨምረዋለን። ታሪኩ ግን ከእኛ ጓዳ ርቆ ይጀምራል። ከአሜሪካ ላቦራቶሪ ተነስቶ ወደ ህንድ ይሻገራል፣ ተመልሶ አሜሪካ ይገባል፣ እስከ ዛሬም አላለቀም። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራቸዋለሁ።

ዘመኑ 1976 ነው። ጉድፓስቸር እና አሪጊ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የምግብ ማጣፈጫዎችን ሰበሰቡና ከአካል ውጪ፣ በላቦራቶሪ ዕቃ ውስጥ በሚያድጉ የአጥቢ እንስሳት ሕዋሳት ላይ ጨመሯቸው። ከሁሉም ይልቅ ዓይናቸውን የሳበው እርድ ሆነ። ሕዋሱ ለሁለት የሚከፈልበትን ሥርዓት አወከው፤ ክሮሞዞሞቹንም መልካቸውን አበላሸው።

ይህ ቀላል ወሬ እንዳይመስላችሁ። ክሮሞዞም ዘረመላችን ተጠቅልሎ የሚቀመጥበት ጥቅል ነው፤ ሕዋስ እንዴት እንደሚኖር፣ መቼ እንደሚከፈል፣ መቼ እንደሚሞት ትእዛዙ ያለው እዚያ ላይ ነው። ጥቅሉ በሰውነት ሕዋስ ውስጥ ከተሰበረ ካንሰር ሊከተል ይችላል። በወንዱ ዘር ወይም በሴቷ እንቁላል ውስጥ ከተሰበረ ደግሞ ዕዳው ገና ላልተወለደ ልጅ ይተርፋል። በዚያን ዘመን ህንድ ከ600 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ከሞላ ጎደል በየቀኑ፣ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ፣ እርድ ይበላል። ነፍሰ ጡሯም ትበላለች፣ ሕፃኑም ይበላል። ጥርጣሬው እውነት ቢሆን የጥፋቱን ስፋት አስቡት።

ነገር ግን ቸኩሎ ድስቱን የደፋ ሰው አልነበረም፤ ይህም ልክ ነበር። በላቦራቶሪ ዕቃ ውስጥ ያለ ሕዋስ ሆድ የለውም፣ አንጀት የለውም፣ ጉበት የለውም። የጨመሩበትን ሁሉ ያለ ከልካይ ይቀበላል። እኛ ግን የበላነውን ጨጓራችን ይፈጨዋል፣ አንጀታችን ይመርጠዋል፣ ጉበታችን ይለውጠዋል፤ ይህን ሁሉ አልፎ የተረፈው ብቻ ደም ውስጥ ገብቶ ሌላውን አካል ይደርሳል። እርድ ሕዋስን ሲነካ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ እርድ ሲበላ የሚሆነው ሌላ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ የሚበላ ፍጡር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነው አይጦቹ ወደ ታሪኩ የሚገቡት።

በ1980 ቪጃያላክሽሚ የተባለች ህንዳዊት ተመራማሪ ለአይጦችና ለአይጠ መጎጦች እርድ የተቀላቀለበት ምግብ አቀረበች። ለሌሎቹ ደግሞ ኩርኩሚን ሰጠች። ኩርኩሚን እርድን ቢጫ የሚያደርገው ንጥረ ነገር ነው፤ ቮግል እና ፔሌቲዬ የተባሉ ኬሚስቶች ከሥሩ ለይተው ያወጡት በ1815 ነው። ከእርድ ዱቄት ክብደት ከመቶ ከሁለት እስከ አምስት እጅ ገደማ ቢሆን ነው። ሁለት የቅርብ ዘመዶችም አሉት፤ ሦስቱ በአንድነት ኩርኩሚኖይድ ይባላሉ። ሌሎች አይጦች ምንም ያልተጨመረበት ምግብ በሉ፤ እነሱ ለማነጻጸሪያ ናቸው። ከዚያ ተመራማሪዋ ወደ መቅኔያቸው ሄደች።

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ፤ የነገሩ እምብርት እዚህ ነው። የአይጥ መቅኔ፣ እንደ እኛው ሁሉ፣ ሌት ተቀን ቀይ የደም ሕዋስ ያመርታል። ይህ ሕዋስ ከመብሰሉ በፊት ሌሎች ሕዋሳት የማያደርጉትን ያደርጋል፦ አስኳሉን፣ ማለትም ክሮሞዞሞቹ ያሉበትን እምብርቱን፣ አውጥቶ ይጥላል። ዕቃውን ሁሉ ጭኖ ቤት የለቀቀ ሰው ጥግ ላይ የረሳት ሰባራ ስኒ ቤቱ ዕቃ ሞልቶት ሳለ አትታይም፤ ባዶ ሲሆን ግን ወዲያው ዓይን ውስጥ ትገባለች። ሕዋሱም እንዲሁ ነው። በሚከፈልበት ጊዜ ክሮሞዞም ተሰብሮ ከነበረ፣ ቁራጩ ከዋናው አስኳል ጋር ሳይሰበሰብ ለብቻው ይቀራል፤ አስኳሉ ሲወጣም እዚያው ተረስቶ ይገኛል። ትንሽ፣ ክብ፣ ጠርዙ የጠራ ነጥብ ነው። ማይክሮኒውክለስ ይሉታል። ሽሚድ እና ሄድል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ ይህችን ነጥብ መቁጠር የክሮሞዞምን ስብራት መለኪያ እንደሚሆን አሳዩ፤ ከዚያ ወዲህ ዓለም በሙሉ ይቆጥራታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አይጡ የተመደበለትን በልቶ ጊዜው ሲደርስ ይገደላል። የጭኑ አጥንት ከሁለቱም ጫፍ ይቆረጥና መቅኔው በጥጃ ሽል ሴረም ታጥቦ ይወጣል። መስታወት ላይ በስሱ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ በጊምዛ ቀለም ይነከራል። ያን ጊዜ ገና ለጋ የሆኑት ቀይ ሕዋሳት ወደ ሰማያዊ ያደላሉ፣ የበሰሉት ይቀላሉ። ተመራማሪው የሚፈልገው ለጋዎቹን ነው፤ አይጡ ያንን ምግብ በሚበላበት ሰሞን የተፈጠሩት እነሱ ናቸውና። ከዚያ በማይክሮስኮፕ ስር ቆጠራ ይጀመራል። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የኦኢሲዲ፣ ማለትም የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት፣ መመሪያ ቁጥር 474 ከእያንዳንዱ እንስሳ ቢያንስ 4,000 ለጋ ሕዋሳት እንዲቆጠሩ ያዛል። ቆጣሪው የያዘው መስታወት የየትኛው አይጥ እንደሆነ አይነገረውም፤ ልቡ ወደሚወደው ውጤት እንዳያዘነብል ነው። በጎን ደግሞ ክሮሞዞም እንደሚሰብር በእርግጥ የታወቀ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ሳይክሎፎስፋማይድ፣ የተሰጣቸው ጥቂት አይጦች ይኖራሉ። በእነሱ ላይ ነጥቦቹ በዝተው ካልታዩ ፈተናው ራሱ አልሠራም ማለት ነውና ውጤቱ ይጣላል።

ቪጃያላክሽሚ ስትቆጥር ምን አገኘች? እርድ የበሉትም፣ ኩርኩሚን የበሉትም፣ ምንም ያልተጨመረላቸውም፣ በነጥቦቹ ብዛት አልተለያዩም። የክሮሞዞሞቹን ቁጥርና ቅርፅ በቀጥታ ስትመለከትም ልዩነት አልነበረም። በዚህ አላበቃችም። ቅመሙን የበሉ ወንዶችን ካልበሉ ሴቶች ጋር አገናኝታ፣ ያረገዙትን ቆጠረች፣ በየማህፀኑ በሕይወት ያሉትንና የሞቱትን ሽሎች ቆጠረች። የአባት ዘር ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ የሞቱት ሽሎች ይበዙ ነበር። አልበዙም።

ያኔ ብዙዎች እፎይ አሉ። ለእኔ ግን ታሪኩ የሚጥመኝ ከዚህ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም አስተዋይ አድማጭ እዚህ ላይ እጁን ያወጣል። «መቅኔው አልተነካም ብለሻል፤ ኩርኩሚኑ መቅኔው ድረስ መግባቱን በምን አወቅሽ?»

ትልቅ ጥያቄ ነው፤ የክሮሞዞም ፈተና ሁሉ የሚወድቅና የሚነሳበት ጥያቄ ነው። በ1978 ዋልስትሮም እና ብሌኖው የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለአይጠ መጎጦች በኪሎ ክብደታቸው አንድ ግራም ኩርኩሚን በአፋቸው ሰጥተው የት እንደሚገባ ተከታትለው ነበር። ሦስት አራተኛው ያህሉ በዓይነ ምድራቸው ተመልሶ ወጣ። በሽንታቸው የተገኘው ከቁጥር የማይገባ ነው። በደማቸውም ውስጥ የታየው እዚህ ግባ አይባልም። ኩርኩሚን ውሃ አይወድም፤ አንጀት ላይ ይንገላታል፤ ጥቂት ቢያልፍ እንኳ ጉበት ወዲያው ይለውጠዋል።

ስለዚህ በ1980 የተፈተኑት አይጦች የመሰከሩትን በልኩ እንያዘው። የመሰከሩት ተበልቶ በአንጀት በኩል ስለሚያልፍ እርድ ነው፤ ያ ምስክርነት ደግሞ ለድስታችን በትክክል የሚበቃ ነው። ኩርኩሚኑን ከአንጀትና ከጉበት በላይ ማንም አይነካውምና፣ ቀሪውን መልስ እነዚያው አካላት ውስጥ መፈለግ ይገባል። ዛሬ ኮሜት የሚባለው ፈተና ያንን ያደርጋል፤ የጉበትን ወይም የአንጀትን ሕዋስ ወስዶ፣ በኤሌክትሪክ ጎትቶ፣ የተበጣጠሰ ዲኤንኤ ካለ ከዋናው ርቆ ሲሄድ ያሳያል። መመሪያው በኦኢሲዲ የጸደቀው በ2014 ነው።

ወደ አሜሪካ እንመለስ። በሰሜን ካሮላይና የሚገኘው ብሔራዊ የቶክሲኮሎጂ ፕሮግራም ነገሩን እስከ ጥጉ ሊያየው ተነሳ። የተመረጠው ተራ የእርድ ዱቄት ሳይሆን ከመቶ 79 እስከ 85 እጁ ኩርኩሚን የሆነ ወፍራም ጭማቂ ነው። ለሁለት ዓመት ያህል፣ የአይጥ ዕድሜ ሙሉ ማለት ይቻላል፣ በምግባቸው እየተቀላቀለ ተሰጣቸው። አይጦችና አይጠ መጎጦች፣ ወንዶችና ሴቶች ተለይተው፣ በአራት በአራት ቡድን ተመደቡ፤ በየቡድኑ 60 እንስሳ ነበር። ሲደመር 960 ይሆናል። የመጀመሪያው ቡድን ምንም አልተጨመረለትም፤ ሌሎቹ በአንድ ሚሊዮን የምግብ ክፍል ውስጥ 2,000፣ 10,000 እና 50,000 ክፍል ጭማቂ በሉ። ከፍተኛውን መጠን ያገኙት ወንድ አይጠ መጎጦች በኪሎ ክብደታቸው በቀን ወደ 2,000 ሚሊግራም ይወስዱ ነበር። በክብደት ብቻ ብናሰላው፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 120 ግራም ጭማቂ እንደ መብላት ነው። ያን ያህል ኩርኩሚን ከተራ ዱቄት ለማግኘት ሦስት ኪሎ ገደማ እርድ በቀን መቃም ይጠይቃል።

ሪፖርቱ ቁጥር 427 ሆኖ በ1993 ወጣ። በባክቴሪያ ላይ የተደረገው የኤምስ ፈተና ሚውቴሽን፣ ማለትም የዘረመል ለውጥ፣ አላሳየም። ከአካል ውጪ ባደጉ የሃምስተር ሕዋሳት ላይ ግን መጠነኛ የክሮሞዞም ጉዳት ታየ፤ የ1976ቱ ወሬ ከባዶ እንዳልተነሳ ይህ ያስረዳል። በእንስሳቱስ? በወንድ አይጠ መጎጦች የካንሰር ማስረጃ የለም ተባለ። ከፍተኛውን መጠን የበሉት አይጠ መጎጦች ግን ጨጓራና አንጀታቸው ቆስሎ፣ ተቆጥቶ ተገኘ። በሴቶቹ አይጠ መጎጦች የብልት አካባቢ ዕጢ ጨመር አለ፤ በአይጦቹ የጉበት ዕጢ፣ በወንዶቹ ደግሞ ጥቂት የትንሹ አንጀት ካንሰር ታየ። ለእነዚህ ሁሉ የተሰጠው ፍርድ «አሻሚ ማስረጃ» የሚል ነው።

በዚህ «አሻሚ» ላይ ትንሽ ልቆይ። የአይጦቹ የጉበት ዕጢ የጨመረው መካከለኛውን መጠን በበሉት ላይ ነበር። አምስት እጥፍ በበሉት ላይ ጭማሪው አልተከተለም። መርዝ ቢሆን ኖሮ መጠኑ ሲጨምር ጉዳቱም አብሮ ይጨምራል ብለን እንጠብቃለን። ያ ባለመሆኑ ሳይንቲስቶቹ ካንሰር ያመጣል ለማለት አልደፈሩም። ዕጢ ታይቷልና ንጹሕ ነው ለማለትም አልደፈሩም። ሁለት ዓመት ደክሞ፣ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ፣ የ960 እንስሳትን ሕይወት ወስዶ «በዚህ ላይ እርግጠኛ አይደለሁም» ብሎ በይፋ መጻፍ ልብ ይጠይቃል። እኔ ይህን ሪፖርት የማከብረው ለዚህ ነው።

ስለ እንስሳቱም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ነፍስ ናቸው። ራሰልና በርች የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1959 ሦስት ግዴታ አስቀምጠዋል፦ በሌላ መተካት ከተቻለ መተካት፣ ቁጥራቸውን መቀነስ፣ ስቃያቸውን ማቅለል። ዛሬ ማይክሮኒውክለስን ከጥቂት የደም ጠብታ በማሽን መቁጠር ይቻላል፤ አንዱ እንስሳ ሳይገደል ደጋግሞ ሊፈተን ይችላል። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። እኔ ከዚህም የሚያልፍ ቀን እንዲመጣ እመኛለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ ኤክስፐርቶች ኮሚቴ ይህን ሁሉ ሰብስቦ ተመለከተው። በ1995 ጊዜያዊ ገደብ አበጀ፤ በ2003 ደግሞ አይጠ መጎጦችን ከትውልድ ወደ ትውልድ የተከታተለ ጥናት ላይ ተመሥርቶ ቋሚውን ወሰነ፦ በኪሎ ክብደት በቀን እስከ 3 ሚሊግራም ኩርኩሚን። እንስሳቱ ሳይጎዱ የቻሉት መጠን 250 እና ከዚያ በላይ ነበር፤ ለሰው ሲባል በመቶ ተከፈለ። በ2010 የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እንደገና መርምሮ ያንኑ ቁጥር አጸና፤ ከዘረመል ጉዳትም ሆነ ከካንሰር አንጻር ስጋት አላየሁም አለ።

ወደ ድስታችን እንተርጉመው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ገደቡ 180 ሚሊግራም ኩርኩሚን ነው። ዱቄቱ ከመቶ ሦስት እጅ ኩርኩሚን ቢኖረው ስድስት ግራም፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ገደማ ይሆናል፤ ያውም በየቀኑ፣ ለአንድ ሰው፣ ዕድሜ ልክ። ለአንድ ቤተሰብ አልጫ አንድ ማንኪያ የምታደርግ እናት በሰላም ትብላ፣ ታብላ። ከእርድ ስለሚወጣው ዘይትም ከተነሳ፣ በ2013 በህንድ ኬረላ የአማላ ካንሰር ምርምር ማዕከል ሰዎች ይህን ዘይት ለአይጠ መጎጦች በኪሎ አንድ ግራም ለ14 ቀን ሰጥተው መቅኔያቸውን አዩ፤ የክሮሞዞም ጉዳት አላገኙም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ምስክርነት ንጹሕ እርድ ላይ ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ ነጋዴዎች የደበዘዘውን ሥር ለማድመቅ ሊድ ክሮሜት የሚባል ቢጫ የቀለም ዱቄት ይቀቡት ነበር። በ2019 ተመራማሪዎች ይህን በይፋ አጋለጡ። ሊድ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ በቀለሙ ውስጥ ያለው ክሮሚየም ደግሞ ክሮሞዞምን በመስበር የታወቀ ነው። እርድ ከሚጠረጠርበት ኃጢአት የከፋውን እርድ ላይ የተቀባው ሠርቶታል! መንግሥት ገበያ ወርዶ ቀጣ፣ አስተማረ፣ መረመረ፤ ከተመረመረው እርድ 47 ከመቶው ተበክሎ የነበረው በ2021 ወደ ዜሮ ወረደ። ገበያ ላይ ከመጠን በላይ የሚያበራ እርድ ስታዩ ይህን አስቡ።

የቀረኝ የእርድ ክኒን ነገር ነው፤ ዋናው ጭንቀቴም እሱ ነው። ያ ኩርኩሚን ደም ውስጥ አልገባም ብሎ ያስቸገረው ጉዳይ በ1998 መላ ተገኘለት። ህንድ ባንጋሎር ውስጥ ተመራማሪዎች ለሰዎች ሁለት ግራም ኩርኩሚን ከ20 ሚሊግራም ፓይፐሪን ጋር ሰጡ፤ ፓይፐሪን የቁንዶ በርበሬ የሚያቃጥለው ነገር ነው። ደም ውስጥ የተገኘው ኩርኩሚን በ2,000 ከመቶ ጨመረ። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካዎች በቁንዶ በርበሬ፣ በስብ ሽፋን፣ እጅግ በደቀቀ ዱቄት ኩርኩሚንን ደም ውስጥ የሚያስገባ ክኒን እየሠሩ ይሸጣሉ፤ ማስታወቂያቸው ላይ ደግሞ የድሮዎቹን አይጦች ምስክር አድርገው ይጠራሉ። ይህ ትክክል አይደለም። እነዚያ አይጦች የበሉት አንጀት ላይ የሚቀረውን ነው። ደም ውስጥ የሚዘልቀው አዲሱ ዝግጅት በራሱ ስም፣ በራሱ አይጦች፣ በመቅኔም በጉበትም መፈተን አለበት፤ ሻጩም ያንን ፈተና ማሳየት አለበት።

ደግሞ አይጥ ሊናገረው የማይችለው ነገር አለ። መድኃኒት የሚያስከትለውን የጉበት ጉዳት የሚከታተል የአሜሪካ ሐኪሞች መረብ ከእርድ ክኒን ጋር የተያያዙ አሥር ሕሙማንን ዘርዝሮ ሪፖርት አደረገ። አምስቱ ሆስፒታል ተኙ፤ አንዱ በጉበት መድከም ሞተ። ከተመረመሩት ሰባት ምርቶች ሦስቱ ውስጥ ፓይፐሪን ተገኘ። የሕሙማኑ ዘረመል ሲታይ ደግሞ ከአሥሩ ሰባቱ ኤችኤልኤ-ቢ*35:01 የሚባለውን ዓይነት ይዘው ተገኙ። አርባ ዓመት ሙሉ እርድ ዘረመልን ይሰብር እንደሆነ ስንጠይቅ ቆይተን፣ አሁን የአንዳንድ ሰው ዘረመል ራሱ እርድን የማይታገሥ ሆኖ መጣ። ይህ ዓይነት የሰው ነው፤ አይጦቹ የላቸውም፤ ስለዚህ ስንት ሺህ አይጥ ቢቆጠር አይገለጥም ነበር።

እንግዲህ የእርድ ክኒን እየወሰደ ዓይኑ ቢጫ ያለ፣ ሽንቱ የጠቆረ፣ ሰውነቱ የከዳው፣ ቆዳው ያሳከከው ሰው ካለ፣ ክኒኑን ዛሬውኑ አቁሞ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጠርሙሱንም ይዞ ይሂድ፤ ሐኪሙ ከኩርኩሚኑ መጠን ቀጥሎ ቁንዶ በርበሬ ተጽፎበት እንደሆነ ማየት ይፈልጋል።